የካፖርቱ ግራና ቀኝ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ገና ከመጀመሪያው ይሄ ይታወቅልኝ። ጎረቤቴ ልጄን ቡዳ በላብኝ ብላ ስትጮህ ቴርሞሜትር ይዤ የምሮጥ ሴት ነኝ፣ እንትና ቤት ጥላ ታየ፣ እንትና ክፉ ሕልም አየች ሲሉኝ «እስቲ በደንብ ተኙ» ብዬ ያስኮረፍኩት ሰው ብዛቱ፣ ባሌ ጌታቸው ራሱ «አንቺ መልአክ ቢመጣብሽም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይለኛል። ሶ ይሄን ስነግራችሁ ደስ እያለኝ እንዳይመስላችሁ፣ ተናድጄ ነው። እመኑኝ፣ ከፈራሁት ይልቅ የተናደድኩት ይበልጣል፣ በገዛ እጄ የሰፋሁትን ልብስ ማን እንደነካብኝ ሳላውቅ ይኸው ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው።

ስንዱ እባላለሁ። ፎርት ዎርዝ ውስጥ የሙሽራ ልብስ ኦልተሬሽን በሚሠራ ሱቅ ነው የምሠራው፣ ማለቴ የሰፋውን ማጥበብ፣ የረዘመውን ማሳጠር፣ ከሠርጓ ሦስት ቀን በፊት ሁለት ኪሎ ጨምራ የምታለቅስ ሙሽራ ማባበል። ቀኑን ሙሉ እስፒል በከንፈሬ ይዤ ስለምውል ሰው ሲያናግረኝ በአፍንጫዬ ነው የምመልሰው። ከጎኔ ያለው የስፌት መኪና የሚስስ ፉሚኮ ነው። ጃፓናዊት ናቸው፣ ሰባውን አልፈዋል፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም፣ እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ባይኖረውም እኔ በሆዴ አንቱ ነው የምላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን የሁለታችንም እንግሊዝኛ ለወሬ ስለማይመች ብዙ አናወራም፣ ግን ማንኛችን እንደደከመን፣ ማንኛችን እንደከፋን በመኪናችን ድምፅ እንተዋወቃለን።

አንድ ነገር ብቻ ያጨቃጭቀን ነበር። መርፌ ሲሰበርብኝ ቅርጫት ውስጥ እጥላለሁ፣ ሌላ ምን ይደረጋል? እሳቸው ጎንበስ ብለው ከቅርጫቱ ውስጥ ያወጡትና በከረሜላ ቆርቆሮ ያጠራቅሙታል። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ እነዚያን ስብርባሪዎች ወስደው ቶፉ ላይ ይሰካሉ። አዎ፣ ቶፉ፣ ያ ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሳይ ምግብ! «ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠንካራ ጨርቅ ሲወጉ ኖረዋል፣ ማረፊያቸው እንኳ ለስላሳ ይሁን» አሉኝ መጀመሪያ ሲያስረዱኝ፣ እኔ ደግሞ ቶፉን በጾም ቀን በስልስ የምበላ ሰው ዓይኔን ነው ያፈጠጥኩባቸው።

ይሄ ሁሉ የሚደረገው ሌዊስቪል፣ ቤታቸው ጓሮ ነው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በእንጨት የሠሩላቸው ትንሽ የጸሎት ቤት አለች፣ መቅደስ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም፣ ስፋቷ የሳር ማጨጃ ከሚቀመጥባት ቤት አይበልጥም። የሸማኔና የልብስ ሰፊ ሁሉ ጠባቂ ነው የሚሉት አምላክ አለ፣ በተወለዱበት ከተማ ትልቁ ቦታው አለ፣ ይቺ የጓሮዋ እንግዲህ የዚያ ቅርንጫፍ መሆኗ ነው። የሰፈሩ ኤች ኦ ኤ፣ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ማለት ነው፣ «ያልተፈቀደ ሼድ» እያለ በየዓመቱ ደብዳቤ ይልክባቸዋል፣ እሳቸው ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጣጥፈው የጨርቅ መለኪያ ፓተርን ይቆርጡበታል። በየዓመቱ ይጋብዙኛል፣ በየዓመቱ ሰበብ እፈጥራለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምስም ሰው የመርፌ ቀብር ላይ ሄጄ ምን ልሁን?

ዘንድሮ ያሸነፈችኝ ልጄ ናት። ሊያ አንድ ልጄ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ማኪኒ ከጓደኛዋ ጋር አፓርትመንት ተከራይታ እዚያው ሆስፒታል ኤክስሬይ ታነሳለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን ለማየት ፎርት ዎርዝ ድረስ ትነዳለች። የኔ በሽታ ያ መንገድ ነው። ባለፈው ዓመት ወደኛ ስትመጣ ሃይዌይ ላይ አንድ ትራክ ገጭቷት መኪናዋ ቶታል ሆነች፣ ከጥቅም ውጭ ማለት ነው፣ እሷ በአንድ ጭረት ወጣች። ሰው ሁሉ ተመስገን በይ አለኝ፣ ብያለሁ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ከወጣች «ደረስኩ» ብላ ቴክስት እስክታደርግ ድረስ ወንበር ላይ አልቀመጥም። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው የሚፈጅባት። አንድ ሰዓት ከሃያ ከሆነ ጌታቸው ራሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል።

«ማሚ፣ ሚስስ ፉሚኮ ኪሞኖ አለብስሻለሁ አለችኝ» አለችኝ ሊያ በስልክ።

«አለችኝ አይባልም፣ አሉኝ በይ።»

«አሉኝ። ኦኬ? እንሂድ ፕሊስ።»

«የባዕድ አምልኮ ቤት ነው፣ አልሄድም።»

«ማሚ፣ ጓሮ ነው። ሊትረሊ ጓሮ ነው።»

ሄድኩ። እሷ ከማኪኒ ቀጥታ መጣች፣ እኔ የጌታቸውን መኪና ይዤ ከፎርት ዎርዝ ሄድኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ አለች ግን ነፋሱ አጥንት ይገባል፣ ማታ በረዶ ይጥላል ተብሎ ሰው ሱፐርማርኬቱን አራግፎታል። ቤታቸው ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች አሉ፣ ጃፓኖችም አሉ፣ ብርድ ልብስ በእጃቸው የሚሰፉ ነጭ አሜሪካውያን አሮጊቶችም አሉ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ስብርባሪ መርፌ በቆርቆሮ ይዘዋል። ሚስስ ፉሚኮ ሊያን መኝታ ቤት አስገብተው ካፖርቷን ወንበር ላይ አስቀመጡና እናታቸው በእጃቸው የሸመኑትን አመድማ ኪሞኖ፣ ፊቱ ክፍት የሆነውን የባህል ልብሳቸውን፣ አለበሷት። ጨርቁን በጣቴ ዳሰስኩት፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ እንዲህ ያለ ሽመና በዕድሜዬ አልነካሁም። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሊቀበሉ ወጡ።

እንግዲህ ስሙኝ። ሊያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስትወጣ መቀነቱ ላልቶ፣ የኪሞኖው ፊት ተከፍቶ «ማሚ፣ ሄልፕ» እያለች መጣች። ሚስስ ፉሚኮ ሲያለብሷት ቆሜ አይቼ በሆዴ ገርሞኝ ነበር፣ የግራውን አምጥተው በቀኙ ላይ ነው የደረቡት፣ እሱ በኛ ሱቅ የወንድ ጎን ነው። የሴት ሸሚዝ፣ የሴት ካፖርት ቀኙ ነው በግራው ላይ የሚመጣው፣ አሥራ ሁለት ዓመት እጄ የለመደው ይሄንን ነው። እርጅና ነው አልኩ፣ እንዲያውም አሳዘኑኝ። ሶ አስተካከልኩላቸው። ቀኙን አመጣሁና በግራው ላይ ደረብኩት፣ መቀነቱን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ «አሁን ሴት መሰልሽ» አልኳት። ይቺን ቃሌን እስክሞት አልረሳትም።

ጓሮ ወጣን። ሰዎቹ ተራ በተራ እየቀረቡ እጅ ይነሳሉ፣ መርፌያቸውን ትሪው ላይ ያለው ቶፉ ላይ ይሰካሉ፣ ይመለሳሉ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ በጃኬቴ ኪስ ውስጥ በጣቴ አማትባለሁ፣ በሆዴም አምላኬን «የመጣሁት ልጄ አስቸግራኝ ነው፣ አየኸኝ አይደል» እለዋለሁ። ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጠቅ፣ ሽው፣ ጠቅ። ጠቅ፣ ሽው፣ ጠቅ። እኔ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤት ጀርባ ነው ያደግኩት፣ እግር ሲረግጥ፣ መወርወሪያው ሲያልፍ፣ ማጉ ሲመታ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፣ ሌላ ነገር ነው ብትሉኝ አልሰማችሁም። የሚመጣው ደግሞ ከዚያች ከትንሿ ቤት ውስጥ ነው።

ሪከርድ ነው አልኩ። ሰው ዘንድሮ ለሁሉ ነገር ሙዚቃ ይከፍታል ብዬ ስፒከሩን ፈለግኩ። በሯ ክፍት ስለሆነ ውስጧ ይታያል፣ አንዲት ክብ መስታወትና አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የለም፣ የሽመና እቃ ሊገባባት ቀርቶ ሰው ቁጭ ብሎ እግሩን አይዘረጋባትም። ነገሩ አልዋጥልኝ ስላለ በጀርባዋ ዞርኩ። ኤሲው ነው እንዳልል ጠፍቷል። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ውሻ አለ፣ ስንመጣ ሰፈሩን በጩኸት ያናወጠው ማለት ነው፣ አፍንጫውን በጣውላው ክፍተት አስገብቶ ቤቷን ያያል፣ አይጮህም፣ ጭራውንም አያንቀሳቅስም። «ምን ታያለህ አንተ?» አልኩት፣ ወደኔ እንኳ አልዞረም።

ስመለስ የሊያ ተራ ደርሷል። እግሯን አንስታ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትረግጥ ድምፁ ቀጥ አለ። ሠራተኛ ሰው ሲገባበት እጁን እንደሚያቆመው ነው ያቆመው። ልጄ ምንም ሳታውቅ ጎንበስ አለች፣ ከሚስስ ፉሚኮ ቆርቆሮ የተሰጧትን መርፌዎች ሰካች፣ ፈገግ ብላ ወደኛ ዞረች። ሚስስ ፉሚኮ የሻይ ትሪ ይዘው አጠገቤ ነበሩ፣ ዓይናቸው የሊያ ደረት ላይ አረፈና ትሪው ከእጃቸው ሊያመልጥ ትንሽ ቀረው። በአሥራ ሁለት ዓመታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በጃፓንኛ አናገሩኝ። ከዚያ እንዳልገባኝ ሲያዩ በእንግሊዝኛ «ማነው ያሰረላት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ተሳስተው ነበር፣ አስተካከልኩት» አልኩ፣ ኩራቴም አይጣል ነበር።

«ስንዱ-ሳን» አሉኝ፣ ሳን የምትለዋ የአክብሮት ቅጥያቸው ናት፣ «ለወንድም ለሴትም ግራው ነው በላይ የሚሆነው። ቀኙን በላይ የምናደርገው ሬሳ ስንገንዝ ብቻ ነው።»

እኛስ ለቅሶ ስንሄድ የነጠላችንን ጥለት ወደ አንገታችን አዙረን እንለብስ የለ? ሠርግ ቤት አንዷ እንደዚያ ለብሳ ብትገባ እዚያው በር ላይ ነው የሚነጥቋት። ሶ ሁለተኛ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አንድ ልጄን በገዛ እጄ ገንዣታለሁ፣ ያውም ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ። ሚስስ ፉሚኮ ሮጠው ሄደው መቀነቱን ፈቱ፣ ግራውን በቀኙ ላይ መልሰው ደረቡና እንደገና አሰሩላት።

«ዌይት፣ ሶ አሁን እኔ ሞቻለሁ?» አለች ሊያ እየሳቀች።

«ዝም በይ!» ብለን ሁለታችንም በየቋንቋችን ጮኽንባት።

ወዲያው ድምፁ ጀመረ። አሁን ግን እንደቅድሙ ረጋ ያለ አይደለም፣ ጠቅሽውጠቅ ጠቅሽውጠቅ፣ ሥራ እንደተደረበበት ሰው ነው የሚጣደፈው። ሊያ አንገቷን አዞረችና «ማሚ፣ ያ ክሊክ ክሊክ ምንድነው?» አለችኝ። አያችሁ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም! ሚስስ ፉሚኮን ጠየቅኳቸው፣ «የምን ድምፅ?» አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ፊታቸውን ሳየው የእውነት አልሰሙም። ሊያን በክንዷ ይዤ ወደ ቤት አስገባኋት፣ ኪሞኖውን አስወለቅኳት፣ «ካፖርትሽን ልበሺና እንሂድ» አልኩ።

ስለካፖርቱ ልንገራችሁ። ከአደጋው በኋላ ለብሳው የነበረው ጃኬት በመስታወት ስብርባሪ ስለተቀደደ እኔ ነኝ አዲስ የሰፋሁላት፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው፣ አምስት ቁልፍ አለው፣ ገበሩ ከራሴ አሮጌ ቀሚስ የወጣ ነው፣ የውስጥ ኪሱን አጥፌ የሰፋሁበትን አሰፋፍ ከኔ በቀር የሚሰፋው የለም። ሊያ ለበሰችው፣ ልትቆልፍ ስትል ጣቶቿ ተወናበዱ። «ማሚ፣ አይዘጋም» አለች። ስጠጋ ቀዳዳዎቹ በግራ በኩል ናቸው። ቁልፎቹ በቀኝ። የሰው ካፖርት ነው የለበስሽው ልላት ገበሩን ገልጬ አየሁ፣ ቀሚሴ ነው። ኪሱንም አየሁ፣ ስፌቴ ነው። የሴት ካፖርት አድርጌ፣ ቀኙ በላይ እንዲመጣ አድርጌ የሰፋሁት ልብስ ግራው በላይ ሆኖ ይዘጋል!

ልብስ ሰፍቶ ለማያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። ቁልፍ ማዛወር ይቻላል፣ ክሩን በጥሶ ወዲያ መስፋት ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀዳዳ ግን አይዛወርም። የቁልፍ ቀዳዳ ማለት ጨርቁ ተቀዶ ዙሪያው በክር የታሰረ ማለት ነው፣ አንዴ ከተቀደደ ተቀደደ፣ ብትጠግነውም ጠባሳው ይኖራል። የቀኙን ፊት መስኮት ጋ ወስጄ ገለበጥኩት፣ አሸሁት፣ አንድ ጠባሳ የለም፣ አንድ የመርፌ ነጥብ የለም። በግራው ያሉት አምስቱ ቀዳዳዎች ደግሞ የኔው እጅ ናቸው፣ ጥግ ላይ ሁለት ጊዜ የምደግማት ክር ሳትቀር አለች።

ሚስስ ፉሚኮን ጠርቼ አሳየኋቸው። እጃቸውን ወደኋላ አድርገው አዩት፣ አልነኩትም። «ማነው የሰፋው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ስፌት ነው» አሉና ቶፉውን ሊያነሱ ወጡ። እናንተዬ፣ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ይሰጣል?

ሊያ ያንን ካፖርት ለብሳ መንገድ አትገባም አልኩ። ከመኪናው የጌታቸውን ጃኬት አምጥቼ አለበስኳት፣ በዚፐር የሚዘጋ ነው፣ ዚፐር ግራ ቀኝ የለውም። «ማሚ፣ ዩ አር ሶ ድራማቲክ» እያለች ሄደች። እኔ ቤቴ ደርሼ፣ ካፖርቱን በፌስታል ቋጥሬ ይዤ፣ «ደረስኩ» እስክትል ድረስ ከነጫማዬ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። ደረሰች።

ጌታቸው ነገሩን ሰምቶ «ስትሰፊው ተሳስተሽ ነው» አለኝ። ተሳስተሽ! ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ! ፓተርኑን ከሣጥን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁለት፣ ቀዳዳ የሚገባበት ቦታ በቀኙ ፊት ላይ በቀይ እስክሪብቶ አምስት ጊዜ ምልክት ተደርጎበታል። «ታዲያ ስትቆርጪው ገልብጠሽው ይሆናላ» አለኝ። ፎቶ እንፈልግ አልኩ፣ በዚያ ካፖርት የተነሳችው ፎቶ ስልኬ ውስጥ መዓት ነው፣ በአንዳንዱ ቀኙ በላይ ነው፣ በአንዳንዱ ግራው በላይ ነው፣ ዘልዬ ልነሳ ስል ሊያ በስልክ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሰልፊ ነው፣ ሰልፊ አንዳንዴ እንደ መስታወት ይገለብጣል፣ የትኛውን እንደገለበጠ እሷም አታስታውስም። በዚህ ዘመን አንድ ልጅ ሺህ ፎቶ ይነሳል፣ አንዱ ለምስክርነት አይሆንም!

ሰኞ ሥራ ቦታ ሚስስ ፉሚኮን ያዝኳቸው። ማሽኔን አጥፍቼ፣ እስፒሌን ከአፌ አውጥቼ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። «ያ ነገር ልጄን እየጠበቃት ነው ወይስ ምልክት እያደረገባት ነው?»

«አላውቅም» አሉ።

«የእርስዎ ጓሮ ነው፣ እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?»

«ካፖርቱን ባትነኪው ይሻላል» አሉኝ። በዚያው መስፋታቸውን ቀጠሉ፣ ግን የመኪናቸውን ድምፅ አውቀዋለሁ ብያችሁ የለ፣ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ክር ተበጠሰባቸው። ፈርተዋል። ለንስሐ አባቴ እንዳልነግር ከየት ልጀምር? ከቶፉው? ነገሩን ሳስበው ሳስበው ሐሙስ ደረሰ፣ ሐሙስ ከሥራ ገብቼ ካፖርቱን በር ላይ ተሰቅሎ ሳየው ደሜ ፈላ። የማንም ይሁን የማን፣ ጠባቂም ይሁን ሌላ፣ ሳይጠይቀኝ እንዴት በልጄ ልብስ እጁን ያስገባል? እናቷ እኔ ነኝ፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ አልኩ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ባዶ ቤት ውስጥ። መቀሱን አነሳሁና አምስቱንም ቁልፎች ከቀኙ ፊት ላይ በጠስኳቸው። አምስተኛው ሲወድቅ ከጀርባዬ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ዞርኩ፣ ምንም የለም። ፍሪጁም ዝም ብሏል። እንግዲህ የጀመርኩትን ልጨርስ ብዬ ቁልፎቹን ወደ ግራው ለማዛወር፣ በቀኙ ላይ አዲስ ቀዳዳ ለመቅደድ ሱፉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣ የመቀሱን ጫፍ አሳረፍኩ። ያን ጊዜ ነው የምሠራው የገባኝ። እንደድሮው ልመልሰው ነው፣ ማለትም ቀኙን በላይ ላደርገው ነው፣ በራሴ እጅ፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ እያወቅኩ። እጄ እንቢ አለኝ። እሺ ቁልፎቹን እነበሩበት ልመልስ አልኩ፣ ክር አስገባሁ፣ እሱንም እጄ እንቢ አለኝ፣ ምክንያቱም ያንን ያደረገው ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ላላወቅኩት ነገር በስፌቴ እሺ ልበል? ሌሊቱን አልተኛሁም። ሙሽሮች የሚሰለፉልኝ ልብስ ሰፊ አምስት ቁልፍ መስፋት አቃተኝ!

ቅዳሜ ሊያ መጣች። የአባቷን ጃኬት መለሰች፣ እሱ ቀምቷት ለብሶ ሥራ ሄደ። ምሳ በላች፣ ሳቀች፣ አሥር ሰዓት ላይ «ልሂድ፣ መንገዱ ሳይቀዘቅዝ» ብላ ተነሳችና ካፖርቷን ከበሩ ላይ አነሳች።

«ተይው፣ አልጨረስኩትም» አልኳት።

«ማሚ፣ ውጪ ፍሪዚንግ ነው።» ለበሰችው። «ቁልፎቹስ?»

«አልጨረስኩትም አልኩሽ እኮ! የኔን ጃኬት ውሰጂ።»

«ያንቺ እኮ አይበቃኝም። ኢትስ ኦኬ፣ እይዘዋለሁ።» ሳመችኝና ወጣች።

በመስኮት አየኋት። ነፋሱ ሲመታት ካፖርቱን በእጇ ሰብስባ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ጀርባዋ ነው የሚታየኝ፣ የትኛው በላይ እንደሆነ አይታይም። ቁልፍ ስለሌለው በየትኛውም በኩል ይደረባል፣ እንደዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ሊያ!» አልኩ፣ አልሰማችም፣ በካልሲዬ ደረጃውን ወርጄ ፓርኪንጉን አቋርጬ ስደርስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አስራለች። ቀበቶው ከትከሻዋ ተነስቶ ደረቷን ሸፍኖታል፣ ከሥሩ እጇ ካፖርቱን እንደያዘች ነው። መስኮቱን አወረደች።

«ዋት፣ ማሚ? በካልሲ?»

ቀበቶሽን ፍቺና ልይሽ ልበላት? ምን ብዬ? «ቀስ ብለሽ ንጂ» አልኳት።

«ሁልጊዜ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለችና ሄደች።

ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ከአሥር ሆነ። አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ። ጌታቸው ገብቶ ፊቴን አየና ጃኬቱን ሳያወልቅ አጠገቤ ቆመ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሲል ስልኬ ጮኸ። «ደረስኩ ማሚ» ይላል። «መንገዱ ቢዚ ነበር። ዊርድ ነው፣ ሂተሩ እየሠራ ኮቴን እስክደርስ ድረስ አልለቀቅኩትም፣ በአንድ እጄ ነው የነዳሁት፣ ጣቶቼ አልፈታ አሉኝ።»

ጌታቸው ተመስገን ብሎ ቁጭ አለ። እኔ «የትኛውን ጎን ነበር በላይ ያደረግሽው?» ብዬ ጻፍኩ። አንብቤ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት፣ እንደገና አጠፋሁት። ብጠይቃት ትነግረኛለች፣ ችግሩ እሱ ነው። «እሺ የኔ እናት፣ እራትሽን ብዪ» ብዬ ላክሁላት።

እስካሁን አልጠየቅኳትም። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ካፖርቱ እሷ ጋ ነው፣ ከነገ ወዲያ ለብሳው ትመጣለች።